«ቀኑን ስንት ትሠራለህ?» በአሜሪካ በቀን ሒሳብ ለሚሠራ የቢዝነስ ጄት አብራሪ የዋጋ፣ የውል፣ የኢንሹራንስና የታክስ መመሪያ

ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። «ካፒቴናችን ታሞብናል። ቅዳሜ ጠዋት ከቴተርቦሮ ወደ ፓልም ቢች፣ ሰኞ መልስ። ቻሌንጀር 350 ነው። ቀኑን ስንት ትሠራለህ?» ብዙ አብራሪ እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ይናገርና ስልኩን ይዘጋል። ቁጥሩ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው። ቀን ማለት ምን ማለት ነው? አርብ ዕለት ቴተርቦሮ ኤርፖርት ወዳለበት ወደ ኒው ጀርሲ የሚጓዙበት ይከፈላል ወይ? አንድ ነገር ቢደርስ የአውሮፕላኑ ኢንሹራንስ እርስዎን ይሸፍናል ወይ? ተሳፋሪው ማነው? ለጉዞውስ ለማን ነው የከፈለው? ገንዘብ የሚያስቀሩትም ላይሰንስ የሚያስነጥቁትም እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም መልስ ማግኘት ያለባቸው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የአሜሪካን አሠራር ይመለከታል። በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የላይሰንሱም የሠራተኛውም ሕግ የተለየ ስለሆነ ቁጥሮቹን ወደዚያ አይውሰዷቸው። የውሉ አንቀጾች ግን የትም ቢሆን ይጠቅማሉ።

1. መጀመሪያ ወረቀትዎን ያሟሉ

ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንዱ ባለቤቱ ወይም ኩባንያው የራሱን አውሮፕላን ለራሱ ጉዞ የሚያበርበት ነው፤ በአሜሪካ የበረራ ደንብ ፓርት 91 ይባላል። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ለሕዝብ በክፍያ የሚቀርብበት ቻርተር፣ ፓርት 135 ነው። የኮንትራት አብራሪ ኑሮ በአብዛኛው የሚገኘው በፓርት 91 ላይ ነው።

በፓርት 91 ተከፍሎዎት ለመብረር ቢያንስ ኮሜርሻል ላይሰንስ ከመልቲ ኢንጂን (ከአንድ ሞተር በላይ) እና ከኢንስትሩመንት (በመሣሪያ የመብረር) ፈቃድ ጋር፣ ጊዜው ያላለፈበት ሁለተኛ ደረጃ ሜዲካል (የጤና ምርመራ ወረቀት)፣ ለካፒቴንነት ደግሞ የዚያ ጄት ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለትም ያንን የአውሮፕላን ዓይነት የማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል። መንገደኛ በሚጭን የፓርት 135 ጄት ላይ ካፒቴን ለመሆን ኤቲፒ፣ ማለትም ከፍተኛው የአብራሪ ላይሰንስ ግዴታ ነው። በዚያ ላይ የቻርተር ድርጅቱ በራሱ ፕሮግራም ሊያሠለጥንዎት፣ ሊፈትንዎትና በመድኃኒትና አልኮል ምርመራ ፕሮግራሙ ውስጥ ሊያስገባዎት ይገባል። ስለዚህ «ነገ ጠዋት አንድ የቻርተር በረራ ሸፍንልን» የሚል ድርጅት እርስዎን ቀድሞ በስሙ ያላስመዘገበና ያላሠለጠነ ከሆነ፣ መልሱ አይሆንም ነው።

ካፒቴኖች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ደንብ ቁጥር 61.58 ነው። ደንቡ የጄት ካፒቴን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የካፒቴንነት ፈተና፣ በዚያው ታይፕ ላይ ደግሞ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ እንዲፈተን ይጠይቃል። ሁለት ታይፕ ያለው ሰው «አንዱን ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ» ብሎ ቢያፈራርቅ ለኤፍኤኤ ይበቃው ይሆናል። ኢንሹራንስ ግን በአብዛኛው በእያንዳንዱ ታይፕ ላይ በየ12 ወሩ የሲሙሌተር ሪከረንት፣ ማለትም በበረራ ማስመሰያ ላይ የሚደረግ ተደጋጋሚ ሥልጠና ይፈልጋል። ኤፍኤኤ ደህና ነው የሚለው አብራሪ በኢንሹራንሱ ዓይን ብቁ ላይሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ በዚያው ታይፕ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ ሊኖርዎት ይገባል። ለሌሊት ደግሞ ሦስቱም ማረፎች አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ የቆመባቸው መሆን አለባቸው። አልፎ አልፎ የሚበር የኮንትራት አብራሪ ይህችን ነው ሳያውቅ የሚያሳልፋት። በስልክዎ ላይ የማስታወሻ ቀን ያድርጉላት።

ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ላይሰንስ ይዘው ለመጡ ወገኖች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ61.75 መሠረት የውጭ ላይሰንስን ይዘው የሚያገኙት የአሜሪካ ወረቀት የፕራይቬት ደረጃ ብቻ ነው። ኤርባስ ላይ 8,000 ሰዓት ቢኖርዎትም በዚያ ወረቀት ገንዘብ መቀበል አይችሉም። ሰዓትዎ ይቆጠራል፤ ጽሑፍና የበረራ ፈተናውን ግን እዚሁ ወስደው ኮሜርሻል ወይም ኤቲፒ ማውጣት አለብዎት። ዜግነት ካልወሰዱ ለታይፕ ሬቲንግ ሥልጠና ከመመዝገብዎ በፊት የቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ያስፈልግዎታል። የሥልጠና ቦታ ከመያዝዎ በፊት ይጀምሩት። በአንድ አሠሪ ስም በተሰጠ የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለሌላ ባለቤት በቀን ሒሳብ መሥራት አይችልም።

2. ዋጋዎን ከገበያው ሳይሆን ከራስዎ ወጪ ይጀምሩ

«ሌሎቹ ስንት ይጠይቃሉ?» ብሎ መጀመር ልክ አይደለም። ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ በወር ሁለት ቀን የሚበር ሊሆን ይችላል። ሪከረንቱን የድሮ አሠሪው የከፈለለትም ይኖራል። አንድ ምሳሌ እንሥራ።

ቋሚ ሥራ ቢይዙ በዓመት 100,000 ዶላር ያገኛሉ እንበል። ለሪከረንት፣ ለሜዲካል፣ ለቻርትና ለአይፓድ አፕሊኬሽኖች፣ ለስልክና ለሒሳብ ሠራተኛ 20,000 ዶላር ያወጣሉ። አሠሪ ይሰጥዎ የነበረውን የጤና ኢንሹራንስና የጡረታ መዋጮ 24,000 ዶላር ያድርጉት። አሠሪ ይከፍልልዎ የነበረው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግማሽ ድርሻ፣ አሁን ራስዎ ከትርፍዎ ላይ ሲከፍሉት፣ ወደ 9,000 ዶላር ይመጣል። ድምሩ 153,000 ዶላር ነው። በዓመት 90 ቀን ከሸጡ የቀን ዋጋዎ 1,700 ዶላር ይሆናል። 120 ቀን ከሸጡ 1,275 ይበቃዎታል። 60 ቀን ብቻ ከሆነ ግን 2,550 ያስፈልግዎታል።

እዚህ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የቀኑ ብዛት ነው። ጀማሪ ሰው 150 ቀን እሸጣለሁ ብሎ ያስባል። ከዚያ በዓላትን፣ የሪከረንቱን ሳምንት፣ የሚሰረዙ ጉዞዎችንና ሁለት ደንበኛ በአንድ ቀን የሚደውሉባቸውን ቀናት ይቀንሱ። ለመጀመሪያው ዓመት ከ90 በላይ አያስቡ።

ገበያውን አሁን ያነጻጽሩ። ለትናንሽ ጄት ካፒቴን፣ ለምሳሌ ለሳይቴሽን ሲጄ ቤተሰብ፣ ከ1,000 ዶላር ከፍ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። መካከለኛና ሱፐር ሚድሳይዝ ላይ 1,500 እና 2,000 አካባቢ፣ በትላልቆቹ ገልፍስትሪምና ግሎባል ላይ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ረዳት አብራሪ ከካፒቴኑ ያነሰ ይከፈለዋል። ስሌትዎ ከገበያው በላይ ከወጣ መፍትሔው ዋጋ መጣል አይደለም። ወይ ቀኑን ማብዛት ነው፣ ወይ ሪከረንቱን የሚከፍልልዎ አንድ ዋና ደንበኛ ማግኘት ነው። ሪከረንት ሲከፈልልዎ በምላሹ በዓመት ይህን ያህል ቀን ቅድሚያ እሰጣለሁ ብለው ይስማሙ። ቁጥሩ ይጻፍ። «ሥልጠናህን ከፍለንልህ የለም ወይ» እየተባለ ዋጋዎ ለሁለት ዓመት እንዳይታሰር ማለቂያ ቀን ያስገቡበት።

3. «ቀን» የሚለውን ቃል ይተርጉሙ

በመግቢያው ወዳለው ስልክ እንመለስ። እርስዎ የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው እንበል። ዋጋዎ 1,800 ዶላር ነው። ደዋዩ በልቡ የቆጠረው ቅዳሜንና ሰኞን ነው፤ ሁለት የበረራ ቀን፣ 3,600 ዶላር። እርስዎ ግን አርብ ከሰዓት ከቤት ይወጣሉ። ቅዳሜ ይበራሉ። እሑድ ፓልም ቢች ሆቴል ውስጥ ስልክዎን ይዘው ይቀመጣሉ። ሰኞ ተሳፋሪዎቹ ምሳ በልተው ዘግይተው ይመጣሉ፣ ቴተርቦሮ ሲያርፉ ወደ ዋሺንግተን የሚሄደው የመጨረሻ በረራ አምልጧል። ማክሰኞ ጠዋት ቤትዎ ይገባሉ። አምስት ቀን፣ 9,000 ዶላር። ሁለቱም ወገን ሐቀኛ ሆኖ በ5,400 ዶላር ይጣላል።

ስለዚህ እነዚህን አንድ በአንድ ይወስኑ።

ቀን ማለት በቤትዎ ሰዓት አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ያለው፣ ለሥራው ከቤት ውጭ የሆኑበት ማንኛውም ክፍል ነው። ማታ አምስት ሰዓት ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ንጋት ላይ ኒው ዮርክ የሚያርፍ በረራ በዚህ አቆጣጠር ሁለት ቀን ነው። ደንበኛው ካልተዋጠለት አማራጩ ከመጀመሪያ ሪፖርት (ለሥራ ከቀረቡበት ሰዓት) ጀምሮ 24 ሰዓትን አንድ ቀን ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፣ ሁለቱን አይቀላቅሉ።

የጉዞ ቀን፣ ማለትም በአየር መንገድ ወደ አውሮፕላኑ የሚሄዱበትና የሚመለሱበት፣ ሙሉ ዋጋ ነው። ግማሽ የሚቀበሉ አብራሪዎች አሉ። ያ ቀን ግን ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ የማይችል ቀን ስለሆነ ግማሽ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የመጠባበቂያ ቀንም እንደዚያው ነው። ለጥገናም ለአየር ጠባይም ቢቆሙ ቀኑ ይቆጠራል።

ስረዛን ብዙ ሰው ሳይጽፈው ይቀራል። የሚሠራ አደረጃጀት ይህ ነው፦ ከመነሻው 48 ሰዓት በፊት ከተሰረዘ ክፍያ የለም፤ ከ48 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ የተያዙት ቀናት ግማሽ፤ ከ24 ሰዓት በታች ሙሉ። «ቀኑን ያዝልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ዓይነቱን ይለዩ። ልል መያዣ ከሆነ ሌላ ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ እሱን ጠይቀው ይለቁታል። ጽኑ መያዣ ከሆነ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀኑ ተሽጧል።

የሥራ ሰዓት ላይ በተለይ ጠንቀቅ ይበሉ። በፓርት 135 ሁለት አብራሪ ባለበት አውሮፕላን ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የበረራ ጣሪያው 10 ሰዓት ነው፣ ዕረፍትም የተወሰነ ነው። በፓርት 91 ግን እንዲህ ያለ የሰዓት ገደብ የለም። ባለቤቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ሦስት ከተማ ዞሮ እኩለ ሌሊት ልመለስ ቢል ጣሪያ የሚሆንልዎት እርስዎ ያስጻፉት ብቻ ነው። ከ14 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና ከ10 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ብለው ያስገቡ። ሲጽፉም በትርፍ ክፍያ የሚታለፍ አያድርጉት። «ከ14 ሰዓት በላይ ተጨማሪ አንድ ቀን ይከፈላል» የሚል አንቀጽ ደክሞት ማረፍ ያለበትን ሰው በገንዘብ ያባብላል። ጣሪያው ሲደርስ አውሮፕላኑ ይቆማል፣ ሆቴል ይያዛል፣ በቃ። ፓርት 135 ላይም የሚሠሩ ከሆነ ለሌላ ሰው ተከፍሎዎት የበረሩት ሰዓት በዚያ ገደብ ውስጥ ስለሚገባ ለቻርተር ድርጅቱ ማሳወቅ አለብዎት።

ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት ዋናውን ይናገሩት፣ ከዚያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በጽሑፍ ይላኩት። መልእክቱ አጭር ይሁን፦

«ቻሌንጀር 350፣ ካፒቴን። በቀን 1,800 ዶላር፣ ከቤት እስከ ቤት፣ የጉዞና የመጠባበቂያ ቀን ጭምር። ግምት፦ ከአርብ እስከ ሰኞ 4 ቀን፣ ሰኞ ማታ መመለስ ካልተቻለ 5። የሚቀየር የአየር ትኬት፣ ሆቴልና ታክሲ በእናንተ። የውሎ አበል በቀን 80 ዶላር። ከ24 ሰዓት በታች ስረዛ ሙሉ ክፍያ። የሥራ ቀን ከ14 ሰዓት አይበልጥም። የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ከመነሣቴ በፊት ይደርሰኝ። ከተስማማችሁ "ተስማምተናል" ብላችሁ መልሱልኝ።»

«ተስማምተናል» የሚለው ቃል እስኪመጣ ሻንጣ አይዝጉ።

4. ኢንሹራንሱን በወረቀት ይዩ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ። ጄት ከመንደርደሪያው ወጥቶ ቢጎዳ ጉዳቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ የእርስዎ ቤትና ቁጠባ ደግሞ በአድራሻ የሚታወቅ ነው።

የአውሮፕላን ኢንሹራንስ ማን ማብረር እንደሚችል ይወስናል። አንዳንዱ ስም ይጠራል። ሌላው ኦፕን ፓይለት የሚባል አንቀጽ ይኖረዋል፤ ይህን ያህል ጠቅላላ ሰዓት፣ ይህን ያህል የጄት፣ ይህን ያህል በዚያው ሞዴል፣ ባለፉት 12 ወራት በሲሙሌተር የተሰጠ ሪከረንት ያለው ማንም ሰው ይላል። የአውሮፕላኑ ሥራ አስኪያጅ «አንተ ታሟላለህ» ብሎ በስልክ ያረጋግጥልዎታል። እሱ ግን ኢንሹራንሱ አይደለም። የፓይለት ታሪክ ቅጹን ሞልተው በደላላው በኩል ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይላኩ፣ መልሱም በኢሜይል ይምጣልዎ።

የሚበላሸው ትንሽ በሚመስል ነገር ነው። ታይፕ ሬቲንጉ ሲኢ-525 ከሲጄ1 እስከ ሲጄ4 ያሉትን የሳይቴሽን ሞዴሎች ይሸፍናል። ኢንሹራንሱ ግን «በሞዴሉ 100 ሰዓት» ብሎ ከሆነ በሲጄ2 ላይ የበረሩት ለሲጄ4 ላይቆጠር ይችላል። ሪከረንቱ በአውሮፕላኑ ላይ ከአንድ ፈታኝ ጋር የተሠራ ከሆነና ፖሊሲው ሲሙሌተር የሚል ከሆነም አይሆንም። ቅጹ ላይ ሰዓት ከሎግቡክዎ በትክክል ይጻፉ። «ወደ 5,000» ብለው ገምተው ጽፈው 4,720 ሆኖ ከተገኘ፣ ከአደጋ በኋላ የሚመረመረው ያ ቁጥር ነው።

ከሽፋኑ በኋላ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ በፖሊሲው ላይ እርስዎ ተጨማሪ ባለመድን ሆነው እንዲገቡ፤ በቋንቋቸው አዲሽናል ኢንሹርድ ይሉታል። ሁለተኛ፣ ዌቨር ኦፍ ሰብሮጌሽን የሚባለው አንቀጽ። ያለ እሱ ኢንሹራንሱ ለባለቤቱ የአውሮፕላኑን ዋጋ ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ሁለቱም የሚገኙት በደላላው በኩል ነው፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን ያልቃል። ባለቤቱ «ይህን ማንም ጠይቆን አያውቅም» ካለ ያለፉት አብራሪዎች ሳይሸፈኑ በረዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) መክፈትም ይህን አይተካም። ኤልኤልሲ ለድርጅቱ ዕዳ ይጠቅማል። በእጅዎ ለሠሩት ስሕተት ግን በግልዎ ተጠያቂ ነዎት።

5. በረራው የማን እንደሆነ ይጠይቁ

ኤፍኤኤ ሕገወጥ ቻርተርን በብርቱ ይከታተላል። የሚቀጣውም ባለቤቱን ብቻ አይደለም፣ አብራሪውንም ነው። አካሄዱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ባለቤት አውሮፕላኑን ለሦስተኛ ሰው «በድራይ ሊዝ» ያከራያል። ድራይ ሊዝ ማለት አውሮፕላን ያለ አብራሪ ማከራየት ነው፤ ተከራዩ አብራሪውን ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይከፍላል፣ የበረራውም ኃላፊ እሱ ነው። በተግባር ግን አውሮፕላኑንም አብራሪውንም የሚያቀርበው ያው ባለቤት ይሆናል። ያ ቻርተር ነው፣ የፓርት 135 ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ተሳፋሪዎቹ እነማን ናቸው፣ ከባለቤቱ ጋርስ ምን ያገናኛቸዋል? ለጉዞው የሚከፍል ሰው አለ ወይ? የእኔ ኢንቮይስ ለማን ይጻፍ? ሊዝ አለ ከተባለና ኢንቮይሱ ግን ወደ ባለቤቱ ኩባንያ ይሂድ ከተባለ፣ ነገሩ እዚያው ተበላሽቷል። የሊዙን ቅጂ ይጠይቁ። ከ12,500 ፓውንድ በላይ ለሆነ አውሮፕላን የሊዙ ቅጂ አውሮፕላኑ ውስጥ መኖር አለበት፤ ከመጀመሪያው በረራ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊትም ለኤፍኤኤ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሐሙስ ማታ ተፈርሞ ቅዳሜ ጠዋት የሚበር ሊዝ ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ተሳፋሪ በደረጃው ሲወጣ «በሰዓት ይህን ያህል ከፍዬ» ሲል ከሰሙ በሩን አይዝጉ። ወርደው ለሥራ አስኪያጁ ይደውሉ።

6. ደብሊው-2 ወይስ 1099?

አብዛኛው የኮንትራት አብራሪ በ1099፣ ማለትም ታክሱን ራሱ እንደሚከፍል ኮንትራክተር ይከፈለዋል። ሁልጊዜ ግን ሕጋዊ አይደለም። አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) የሚያየው በውሉ ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን ሥራውን ማን እንደሚቆጣጠር ነው። አውሮፕላኑ የባለቤቱ ነው፣ መነሻ ሰዓቱን የሚወስነው እሱ ነው፣ አሠራሩ የእሱ ነው። ስለዚህ ለአንድ ደንበኛ ዓመቱን ሙሉ የሚበር «ኮንትራክተር» በአይአርኤስ ፊት ሠራተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስ ደግሞ ከዚያ የጠበቀ ኤቢሲ የሚባል መመዘኛ አላቸው።

ደብሊው-2፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ መከፈል፣ ከቀረበልዎ አይሽሹ። የሶሻል ሴኩሪቲ ግማሹን አሠሪው ይከፍላል፣ ሥራ ላይ ቢጎዱም የሠራተኛ ካሣ ኢንሹራንስ ይሸፍንዎታል። በ1099 ግን ከደረጃ ወድቀው እግርዎ ቢሰበር ሜዲካልዎ እስኪመለስ የሚከፍልዎ የለም፤ የገቢ ማጣት ኢንሹራንስ ራስዎ መግዛት አለብዎት። በ1099 የሚጠይቁት ዋጋ ከደብሊው-2 የቀን ዋጋ ከፍ ማለት ያለበት ለዚህ ነው።

7. መንገድ ላይ የራስዎን ገንዘብ አያውጡ

ነዳጅ፣ ማረፊያ፣ ሀንጋርና ምግብ በአውሮፕላኑ የነዳጅ ካርድ ወይም በኩባንያው ክሬዲት ካርድ ይከፈላሉ። ከመነሣትዎ በፊት ካርዱ አውሮፕላኑ ውስጥ መኖሩን፣ ገደቡም ጉዞውን መቻሉን ይጠይቁ። ነዳጅ በግል ካርድዎ መሙላት ለማያውቁት ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ማበደር ነው።

የውሎ አበል ከሆነ ደረሰኝ አይሰብስቡ። በደረሰኝ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ወረቀት በተሰጠዎት ደቂቃ ፎቶ ያንሡ። ሙቀት ያተመው ወረቀት ሁለት ሳምንት በኪስ ከቆየ ይደበዝዛል።

8. ኢንቮይስ፣ ክፍያና ታክስ

ቤትዎ በገቡ ማግስት ኢንቮይሱን ይላኩ። የአውሮፕላኑ የጅራት ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቀን ከዓይነቱ ጋር (ጉዞ፣ በረራ፣ መጠባበቅ)፣ የመነሻና የመድረሻ ኤርፖርቶች፣ አበሉ፣ ተመላሽ ወጪው ለብቻው፣ የክፍያ ቀነ ገደብ። 15 ቀን በቂ ነው። አዲስ ደንበኛ ከሆነ የመጀመሪያውን ጉዞ ግማሽ በቅድሚያ ይጠይቁ። አውሮፕላን ያለው ሰው ሁሉ ቶሎ ይከፍላል ማለት አይደለም። ሒሳቡ በሦስት ቢሮ ያልፋል፣ ኢንቮይሱም አንድ ቦታ ላይ ይተኛል። ቀኑ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ለከፋዩ ክፍል በቀጥታ ይደውሉ። ያለፈው ሳይከፈል ሁለተኛ ጉዞ አይቀበሉ። ከዚህ የሚበልጥ ማስገደጃ የለዎትም።

ደብሊው-9 (የታክስ ቁጥርዎን ለከፋዩ የሚሰጡበት ቅጽ) ሲጠየቁ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ይልቅ ኢአይኤን፣ ማለትም የቢዝነስ የታክስ ቁጥር ይስጡ። ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይወጣል።

አሁን ታክሱ። በላይ ባለው ምሳሌ 153,000 ዶላር ገብቶ 20,000 ወጪ ከወጣ ትርፉ 133,000 ነው። የራስ ሥራ ታክስ የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ 15.3 በመቶ ነው። ወደ 18,790 ዶላር ይመጣል። የገቢ ታክሱ ከዚህ ሌላ ነው። የራስ ሥራ ታክሱ ግማሽ ከገቢዎ ላይ ይቀነስልዎታል፤ ሴፕ አይአርኤ ወይም ሶሎ 401ኬ የሚባል የጡረታ ቁጠባ ከፍተው የሚያስቀምጡትም የገቢ ታክሱን ይቀንሰዋል። ከእያንዳንዱ ክፍያ 30 በመቶውን በዚያው ቀን ወደ ሌላ አካውንት ያዛውሩ። የታክሱ ክፍያ በዓመት አራት ጊዜ ነው፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15ና በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15። ጁን ላይ ብዙ ሰው ይሳታል፣ ከኤፕሪሉ ሁለት ወር ብቻ ስለሚርቅ። ገቢዎ እየጨመረ ከሆነና መቀጫ ከፈሩ፣ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስ 100 በመቶ፣ ገቢዎ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 110 በመቶ፣ በአራት ከፍለው ይክፈሉ።

በመንገድ ላይ ራስዎ ያወጡት ምግብ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው 50 በመቶው ነው። የትራንስፖርት የሥራ ሰዓት ገደብ በሚመለከተው በረራ ላይ 80 በመቶ ይሆናል። ለዚህ ነው ሎግቡክዎ ላይ ከእያንዳንዱ በረራ አጠገብ ፓርት 91 ወይም 135 ብለው መጻፍ ያለብዎት። ደንበኛው የከፈለልዎትን ምግብ ግን ደግመው አይቀንሱ።

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ 1099ዎቹ ይመጣሉ። እያንዳንዱን ከኢንቮይሶችዎ ጋር ያስተያዩ። በብዛት የሚገኘው ስሕተት ደንበኛው የመለሰልዎትን የአየር ትኬትና ሆቴል ከደመወዝዎ ጋር ደምሮ ማሳወቁ ነው። 27,000 ከከፈለና 4,100 ተመላሽ ወጪ ከነበረ 1099ው ላይ 31,100 ያያሉ። መጀመሪያ እንዲያስተካክል ይጠይቁ። ካላስተካከለ 31,100ን እንዳለ በገቢ ያስመዝግቡና 4,100ውን በደረሰኞቹ ተደግፈው ስኬጁል ሲ (የራስ ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ በወጪ ያስገቡ። ቁጥሩን ከ1099ው አሳንሰው ከጻፉ ልዩነቱን የአይአርኤስ ኮምፒውተር ያየዋል፣ ደብዳቤም ይመጣል።